ባሎቻችን ሁሉ ቤት የከረሙበት ዓመት

«መሪዋን ፍቱልኝ» አሉ ካፒቴን ኤልካና ዊንግ፣ መርከቧ ሣሩ ላይ ደርሳ ገና ሳትረጋ።

ገመድ የያዙት ወንዶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስልሳ ሰውና ስምንት ጥማድ በሬ ከማለዳ ጀምሮ ሲጎትታት የዋለው ካፒቴኑ የተጣበቀባትን የባሕር ሣር ከሆዷ ሊፍቁላት ነው በሚል ነበር። ሆዷ የሚፋቅ መርከብ ደግሞ መንገድ ያሰበች መርከብ ናት፤ ስለዚህ ሁሉም ደስ ብሎት ነው የጎተተው። እኛ ሴቶቹም የፖም ጠጁን ማሰሮ ይዘን ቆመናል።

«ለመፋቅ መሪ መፍታት ምን ያደርጋል?» አሉ ዲያቆን ዚናስ ሃሌት፣ ላባቸውን በባርኔጣቸው እየጠረጉ።

«ማን ትፋቃለች አለህ?»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ያወጣናት ለጌጥ ነው?»

«ፕሬዚዳንቱ መርከብ ወደ ውጭ አገር አይሂድ ብለዋል» አሉ ካፒቴኑ። «ሣር ላይ ያለች መርከብ የትም አትሄድም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ድካማችሁን አልረሳም።»

ዲያቆኑ ገመዱን ከእጃቸው ለቀቁት። «ኤልካና፣ እኛ እኮ ነፋስ ሊያገኛት ነው ብለን ነው።»

«ምን እንዳላችሁ አውቃለሁ።»

ስለዚያ ነፋስ መናገር አለብኝ፤ የዛሬ ወጣት አያውቀውም። ያን ጊዜ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ሕጉ ከአንዱ የአገራችን ወደብ ወደ ሌላው ዕቃ ማድረስን ይፈቅድ ነበር። ታዲያ አልፎ አልፎ አንዲት የወደባችን የሄሮን ኮቭ መርከብ ጨው ዓሣ ጭና እዚህ ቅርብ ወደ ቦስተን ስትነሣ፣ መንገድ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ያገኛትና ገፍቶ ገፍቶ ጃማይካ ያደርሳታል። ካፒቴኗ ምን ያድርግ። ዓሣው እንዳይበላሽበት እዚያው ይሸጠዋል፤ ባዶውን እንዳይመለስ ስኳርና ሞላሰስ፣ ያንን ጥቁር የሸንኮራ ማር፣ ይጭናል፤ ሲመለስም ለጉምሩኩ ሹም ስለ ማዕበሉ እንባ እየተናነቀው ያወራለታል። ያ ነፋስ ባዶ መርከብ ነክቶ አያውቅም።

ካፒቴን ኤልካና ግን መሪዋን አስፈትተው ጎተራ ውስጥ አስገቡ። በሁለቱ ምሰሶዎቿ ጫፍ ላይ ዝናብ እንዳያበሰብሳቸው በርሜል ደፉባቸው። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በሉ። መርከቧ ስሟ ሜሂተብል ነበር፣ በባለቤታቸው ስም። እትዬ ሂቲ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ሁለት ሜሂተብል ቤት ተቀመጥን ማለት ነው» ብለው መጋረጃውን ዘጉት።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ይዋጋሉ። ሲዋጉ መሐላቸው የሚያልፈውን የእኛን መርከብ አንዱም ይይዛል፣ ሌላውም ይይዛል። እንግሊዞች ደግሞ ዕቃ አይበቃቸውም፤ መርከበኛ ሲጎድልባቸው የእኛን መርከብ ያስቆሙና ጎበዝ ጎበዙን መርጠው፣ «ይሄ የእኛ አገር ሰው ነው» ብለው ይወስዱታል። ገሚሱ አገር ጦርነት ይታወጅ አለ፤ ገሚሱ እንደ ምንም ችለን እንነግድ አለ። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ሁለቱንም ትተው፣ የራሳችንን ወደቦች እንዝጋ፣ ዱቄታችንና ዓሣችን ሲናፍቃቸው ያኔ ያከብሩናል አሉ። ባለቤቴ አብነር ይህን ሲተረጉመው፣ ጎረቤት ቢሰድብህ ራስህን ቤትህ ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን መዋጥ ነው ይል ነበር። አብነር ሸራ ሰፊ ነው፤ መርከብ ካልወጣ ሸራ አይቀደድም።

በሄሮን ኮቭ የፕሬዚዳንቱን ሐሳብ የሚደግፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰፈሩ ይህን የካፒቴኑ እልኸኝነት ነው ብሎ ደመደመ። እኔ ግን ምክንያቱን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

አጥራችን አንድ ነበር። መርከቧ ሣር ላይ በወጣች በሳምንቱ፣ ጎመኔን ስኮተኩት ካፒቴኑን አጥሩን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ብቻቸውን ሥራ ፈትተው ስላየኋቸው ሰላም ለማለት ያህል፣ «እንግዲህ ካፒቴን፣ ፕሬዚዳንቱ እርስዎን ባያገኙ ማን ይታዘዝላቸው ነበር?» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ልሙኤል ሲወሰድ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ።

ልሙኤል ልጃቸው ነው። ባርቤዶስ አጠገብ፣ እዚችው ሜሂተብል ላይ፣ በእሳቸው ዓይን ፊት ነው እንግሊዞቹ የወሰዱት። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። የተወለደበትን የሚመሰክር ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበረው። መኮንኑ አይቶት፣ «ይቺን በየመሸታ ቤቱ ይሸጧታል» ብሎ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተለት፤ በጨዋነት።

«ጦርነት ከሆነ» አሉ ካፒቴኑ፣ «የእኛ መድፍ የሚተኮሰው በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ነው። እሱ በየትኛዋ እንዳለ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ ዶርካስ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ዝም ብለን እንነግድ ቢባልም፣ ልጄን ለወሰደብኝ ሰው ዓሣ አቀብላለሁ። ወደቡ ይዘጋ ያሉት እኚህ ሰውዬ ብቻ ናቸው። እስኪርባቸው እንጠብቅ። ሲርባቸው ይመልሱልኛል።»

እኔ ስለ ጎመኑ ትል ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ስለ ትሉ መለሱልኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወሬ አላሳልፍም ለማለት አይደለም፣ ሰፈሩ ያውቀኛል። ግን አንዳንድ ነገር ወሬ ሆኖ አይመጣም፤ አፍ ላይ ብታስቀምጪውም አይንቀሳቀስም።

ሰፈሩስ ልሙኤል መወሰዱን አያውቅም ነበር? በደንብ ያውቃል። አልቅሶም ነበር። ግን የሰው ሐዘን ሁለት ዓመት ሲሞላው እንደ ቤት ዕቃ ይሆናል፤ ታልፊዋለሽ እንጂ አታዪውም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የራሱ ዓሣ ነበረበት።

እገዳው ከፋ ብለን አለቀስን፤ እኔም አልቅሻለሁ። ቅዳሜ ማታ ያለ ሞላሰስ የበሰለ ባቄላ መብላት ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ወደቡ ላይ ጭድ የመሰለ ሣር በቀለ፤ ድንጋዩ ላይ ድመቶች ተኝተው ይውሉ ነበር። ዛሬ ግን፣ ዕድሜዬ አምሳን ካለፈ በኋላ፣ ከኖርኩት ዓመት ሁሉ ተመልሰሽ አንዱን ኑሪ ብባል ያንን ነው የምመርጠው።

ምክንያቱም ባሎቻችን ሁሉ ቤት ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሄሮን ኮቭ ወንዶቿን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይታ አታውቅም። እሑድ ጸሎት ቤት ስንገባ የወንዶቹ አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ መዝሙሩ በወፍራም ድምፅ ሲነሣ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራት የሰፈራችን ሴቶች ባሎቻቸው እንደሚያንኮራፉ ያወቁት ያን ዓመት ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ሰሞን ከበር እስከ መስኮት ይመላለሱ ነበር፣ ልክ የመርከብ ወለል ላይ እንዳሉ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ዞር፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር። ኋላ ግን ለመዱን። አብነር ሦስት በርጩማ ሠራ። ሦስቱም ይወዛወዛሉ። ሸራ የሰፋ እጅ እንጨት ላይ ሲመጣ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። በአንዱ ላይ ተቀምጦ ምሽቱን ሙሉ የልጅነቱን ሲያወራልኝ፣ ከእኔ ጋር ሰባት ዓመት የኖረው ሰው እንዲህ ወሬኛ መሆኑን ሰምቼ ተገረምኩ።

እናቴ የሰፈሩ አዋላጅ ነበረች። በዚያ መከር አሥራ ዘጠኝ ሕፃን ተቀበለች። «ፕሬዚዳንቱ ወደቡን ዘጉ፣ እኔን ግን ክፍት አደረጉኝ» ትል ነበር፣ እጇን እየታጠበች። ታላቋ ልጄ ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ናት።

ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ጊዜ አልመጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ የዓሣ ነባሪ አደኑ ወንዶቹን ለሦስት ለአራት ዓመት ይወስዳቸው ጀመር። ልጆቻችንን አባቶቻቸው በደብዳቤ ነው ያሳደጓቸው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በጥር የከተማው ስብሰባ ተጠራ። እገዳው እንዲነሣ አቤቱታ ሊጻፍ ነው። ሴቶች በስብሰባ ድምፅ የለንም፤ ነገር ግን ጸሎት ቤቱ እሳት ስለሌለው የወንዶቹን የእግር ማሞቂያ ሣጥን ከነፍሙ ማስገባት የእኛ ሥራ ነው። ካስገባን በኋላ ለመውጣት አልቸኮልንም።

አቤቱታውን የጻፉት ዲያቆን ዚናስ ናቸው። ጽሕፈታቸው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ወንድ እየተነሣ ፈረመ፤ ከላይ ያለው የመጀመሪያው ቦታ ብቻ በልማድ ለታላቁ ካፒቴን ተትቶ ነበር። ታላቁ ካፒቴን ኤልካና ዊንግ ናቸው።

«ትፈርማለህ?» አሉ ዲያቆኑ።

«አልፈርምም።»

«ኤልካና፣ የሰው ልጅ እየተራበ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ያመጣልህን ስኳር ብላው» አሉ ካፒቴኑ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ አኮረፋቸው። በእኛ ዘንድ ማኩረፍ ጩኸት የለውም። እሑድ በአግዳሚያቸው ላይ ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ ስለ አየሩ ይነገራቸዋል እንጂ አየሩ ምን ይመስልዎታል ተብለው አይጠየቁም። እትዬ ሂቲ እንኳ፣ «እኔ ከማን ወገን እንደሆንኩ ማን ይንገረኝ?» ይሉኝ ነበር። «ልጄን ፈልጌ ከባሌ ጋር ነኝ። ስኳር ፈልጌ ከእናንተ ጋር ነኝ።»

በመጋቢት፣ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለአዲሱ ሲያስረክቡ እገዳው ተነሣ። የኛ መርከቦች በአንድ ሳምንት ወጡ። አዲሱ ሕግ ግን ወደ ሌላው አገር ሁሉ ሂዱ፣ ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ወደቦች ብቻ አትሂዱ የሚል ነበር። ካፒቴን ኤልካና መርከባቸውን ዞረው ዞረው አዩዋትና እዚያው ተዉአት። የእሳቸው ልጅ ያለው እንግሊዞች ዘንድ ነው፤ ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

በግንቦት አንድ የሰሜን ዓሣ አጥማጅ የተጣጠፈች ደብዳቤ አመጣላቸው። ከልሙኤል ነበረች። ሃሊፋክስ ነው ያለው፤ እንግሊዞች ሰሜን ላይ ባላቸው ወደብ። የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ተሰብራ እየተጠገነች ነው፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ትቆያለች፤ ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። እትዬ ሂቲ ደብዳቤዋን ለእኔ አነበቡልኝ። ሲያነቡ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሙ፣ «ጫማዬ ጥሩ ነው» የሚለው ላይ።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ከእንግሊዞች ጋር ስምምነት ተደርሷል፣ ከሰኔ አሥር ጀምሮ ወደ ወደቦቻቸው መሄድ ይቻላል ተብሎ ታወጀ። መንገዱ ተከፈተ። የቀረው መርከቧን ውኃ ላይ ማውረድ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሜሂተብል የወጣችው በወሩ ትልቁ የባሕር ሙላት ነው። ውኃው እዚያ ድረስ የሚደርሰው በወር አንዴ ነው፤ የሰኔው ሙላት በዓሥራ ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ይውላል። እሱ ካለፈ የሐምሌውን መጠበቅ ነው፤ በሐምሌ ልሙኤል ሃሊፋክስ የለም። ለአንድ ዓመት በደረቅ የቆመች መርከብ ደግሞ ሳንቃዋ ይደርቅና መጋጠሚያው ይከፈታል፤ በሆዷ በኩል ቆመሽ ማዶ ያለችውን ላም ታያለሽ። ካፒቴኑ ብቻቸውን ከማለዳ እስከ ማታ ስንጥቁን በገመድ ቃጫ እየወተፉ ቅጥራን ያፈሱበት ነበር። ይህን አንድ ሰው ይችላል። ማውረዱን ግን ስልሳ ሰው ካልሆነ አይችለውም።

ሰውን ደግሞ መጥራት አለባቸው። በሄሮን ኮቭ መርከብ የሚያወርድ ሰው በየደጁ ራሱ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እጅህን አውሰኝ» ይላል። ልጅ መላክ አይቻልም፤ ሚስት መላክ አይቻልም። ሳይጠራ የሰው ገመድ የሚነካም የለም፤ ሳይጠራ የሚኬደው ለመበለት ብቻ ነው። ዲያቆን ዚናስ በየደጁ፣ «እስኪ መጥቶ ይጠይቀኝ» እያሉ ነበር። ካፒቴኑ መጀመሪያ ፈርም እንደሚባሉ ስለሚያውቁ አይሄዱም።

ረቡዕ ቀን እትዬ ሂቲ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ካፒቴኑን ሲያናግሩ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉትም።

«ኤልካና፣ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ቀሚሴን ልልበስ?»

«ለምን?»

«መበለት ከሆንኩ ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንተ ጎተራ ውስጥ ተደበቅ።»

ካፒቴኑ የቅጥራኑን ማንኪያ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ የእሑድ ኮታቸውን ለበሱ።

እኔ ደግሞ የዲያቆኑን ቤት ድስት ልመልስ ሄድኩ። ድስቱን የግድ በዚያች ደቂቃ መመለስ ነበረብሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልነበረብኝም። ካፒቴኑ ሲገቡ እኔ ማድቤት በር ላይ ነበርኩ።

«ዚናስ፣ ቅዳሜ እጅህን አውሰኝ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

ዲያቆኑ ተነሥተው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር የጥሩን አቤቱታ አወጡ። ለመንግሥት የተላከው ግልባጩ ነው፤ ዋናው እሳቸው ዘንድ ነበር። «ፈርም። እጄን ብቻ አይደለም፣ በሬዎቼንም ታገኛለህ።»

«ሕጉ እኮ ተነሥቷል።»

«አውቃለሁ።»

«የምታመለክትላቸውም ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀው እርሻቸው ገብተዋል።»

«አውቃለሁ። ለእሳቸው አይደለም፣ ለእኛ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ስም አለ፣ ከላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ። ሰው የሚያየው ክፍቱን ነው። ቅዳሜ ሁሉም በዚያው ሙላት ሊወጣ ጭኖ ጨርሷል፤ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያተርፈው። ያንን ትታችሁ ኑ እርዱት ስላቸው ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ካፒቴኑ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። የዲያቆኑ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። መሐል ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

«‹ይህ ሕግ ለዚህች ከተማ ሰው ለማንም አንዳች ጥቅም አላመጣም› ይላል።»

«ይላል።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈቱ ያማረ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። «ዓሣው በሰበሰ ይላል፣ እውነት ነው። ሸራው ሻገተ ይላል፣ እውነት ነው፤ የእኔም ሻግቷል። መርከበኛው ሥራ ፈታ ይላል፣ እሱም እውነት ነው። ያንን ሁሉ እፈርምልሃለሁ። ይቺን መስመር ግን አልችልም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከእኛ ወገን አንድ መድፍ በእንግሊዝ መርከብ ላይ አልተተኮሰም። ልሙኤል በየትኛዋ እንዳለ ስለማላውቅ፣ በአንዷም እንዳይተኮስ ነበር የምፈልገው። ለእኔ ጠቅሞኛል፣ ዚናስ። ለአንድ ሰው ጠቅሟል። ማንንም አልጠቀመም ብዬ ብፈርም፣ ልጄን ሰው አልቆጠርኩትም ማለት ነው።»

ዲያቆኑ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ፣ «ይህን በጥር ለምን አላልክም?» አሉ።

«ማን ጠየቀኝ? የጠየቃችሁኝ ትፈርማለህ ወይስ አትፈርምም ብላችሁ ነው።»

ዲያቆኑ ወደ ማድቤቱ ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ከዚህ ሁሉ የምታወሪው ውስጥ ይህ ይቀራል?»

ድስቱን አስቀመጥኩ። ዲያቆኑ ወረቀቱን አራት አጠፉትና ወደ ቦታው መለሱት። «ወደ ሌላው ደጅ ሂድ፣ አትዘግይ» አሏቸው። «እኔ ጋ ጨርሰሃል።»

ካፒቴኑ በዚያ ቀንና በማግስቱ አርባ ሁለት ደጅ አንኳኩ። እኛ ቤት ሲደርሱ በጣም ደክሟቸው ነበር። አብነር በርጩማ አቀረበላቸው፤ ተቀምጠው ትንሽ ተወዛወዙና፣ «አብነር፣ ባሕር ላይ ያለሁ መሰለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። አብነር እስከ ዛሬ እንደ ምስጋና ነው የሚቆጥረው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ወደቡ ላይ አሥራ አንድ መርከቦች ጭነው፣ ሸራቸውን አሰናድተው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ሰዎቻቸው ሁሉ ሣሩ ላይ ነበሩ። መርከቧ የምትንሸራተትባቸውን ግንዲላዎች በሞራ ቀቡ፤ በሬዎቹን ጠመዱ፤ የቀደመው ዓመት ገመድ ወጣ። ሴቶችም ገመድ ያዝን፤ ሰው እንደሚበቃ እናውቃለን፣ ግን ያዝን። በርናባስ ናይ፣ ድምፁ ትልቅ የሆነው አንጥረኛ፣ ያዜማል፤ እኛ እንቀበላለን። ሜሂተብል መጀመሪያ አልነቃነቅም አለች፤ እትዬ ሂቲን አየናቸው፤ እትዬ ሂቲ፣ «እኔን ምን ታዩኛላችሁ፣ ሳቡ» አሉ። ከዚያ አንዴ ጮኸችና መንሸራተት ጀመረች። ውኃው ውስጥ ስትገባ እንደ ወንፊት አስገባች። አራት ሰው እየተፈራረቀ ሦስት ቀን ውኃ ሲያወጣላት ሰነበተ፣ ሳንቃው ጠጥቶ እስኪያብጥና እስኪገጥም ድረስ። አሥራ አንዱም መርከቦች ሙላታቸው አለፈባቸው። የቦስተን መርከቦች ቀደሟቸው። ስለዚህ ነገር ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም፤ በሄሮን ኮቭ ያልተነሣ ነገር ደግሞ ጥቂት ነው።

ማክሰኞ ካፒቴኑ ሊነሡ ሲሉ ዲያቆን ዚናስ ወደ ወደቡ መጡ። በእጃቸው ሌላ ወረቀት ይዘዋል፤ ትልቅ ነው፣ ሁለት ቅጠል ተሰፍቶ።

«ያንን አንድ ስም ያለበትን የልሙኤልን ወረቀት እንግሊዞቹ ስቀውበት ነበር አላልክም?» አሉ። «በዚህ ይሳቁ።»

እኔ አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ሁላችንም አይተነዋል። ከላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት፣ ልሙኤል ዊንግ የኤልካናና የሜሂተብል ልጅ፣ በዚህች ከተማ ተወልዶ በዓይናችን ሥር ያደገ ነው ይላል። ከሥሩ መቶ አሥራ ሁለቱም ስሞች አሉ። ግን ዲያቆኑ እያንዳንዱ ሰው ከስሙ አጠገብ እንዴት እንደሚያውቀው እንዲጽፍ አድርገው ነበር። በርናባስ ናይ፣ «በዘጠኝ ዓመቱ የሱቄን መስኮት በበረዶ ሰበረ፤ አባቱ አስጠግኗል» ብሎ ጽፏል። አንዱ፣ «ከፒር ዛፌ ላይ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ሲዘረጋው ትንሽ ይጎብጣል፣ ይታይ» ይላል። ሌላው፣ «መዝሙር ሲዘመር ከሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል።» አብነር፣ «የመጀመሪያ ሸራውን እኔ ጋ ሰፋ፤ ክፉኛ» ብሎ ጻፈ። ከሁሉ በታች የእናቴ የመስቀል ምልክት አለ፤ መጻፍ ስለማትችል እኔ ነኝ የጻፍኩላት፦ «እኔ ተቀበልኩት። በእግሩ ነው የመጣው።»

ካፒቴኑ መነጽራቸውን አድርገው እዚያው ቆመው አነበቡ፣ ከላይ እስከ ታች። ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ያይ ነበር። እትዬ ሂቲ የዳቦውን ቅርጫት ለሦስተኛ ጊዜ አስረው ፈቱ። ካፒቴኑ ሲጨርሱ ወረቀቱን በሰም ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ዲያቆኑ ወደ መርከቧ ቀረብ አሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ አይወዱም።

«ኤልካና፣ እንግዲህ የእንግሊዞቹ አዛዥ ብልህ ሰው ከሆነ አንድ ነገር ይጠይቅሃል» አሉ። «‹እነዚህ የፈረሙት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ሕግ አክባሪዎች ናቸው ወይ?› ቢልህስ?»

ካፒቴኑ ገመዱን ከድንጋዩ ላይ እየፈቱ ነበር። ቀና አላሉም።

«ከዚህ እስከ ሃሊፋክስ የምጸልየው» አሉ፣ «እሱን እንዳይጠይቀኝ ነው።»